የተበተነው ፊትና የተነቀለው ግድግዳ፦ የፒካሶን «ካንቫይለር» እንዴት እናንብበው?

መግቢያ

ፓብሎ ፒካሶ በ1910 መጸው በፓሪስ የሣለው «ዳንኤል አንሪ ካንቫይለር» የተሰኘው የዘይት ቀለም ሥዕል፣ ኪዩቢዝም በጅማሬው ስለ ሰው ገጽታ ካስገኛቸው ሥራዎች መካከል ከፍተኛ ቦታ የሚሰጠው ነው። ሥዕሉ ዛሬ በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ይገኛል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ስለ እርሱ በፈረንሳይኛ፣ በጀርመንኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈው ብዙ ነው። እኛ ደግሞ በራሳችን ቋንቋና ከራሳችን ጥያቄ ተነሥተን ልናነበው ይገባል የሚል እምነት አለን።

በስደት ላይ ላለ ኢትዮጵያዊ ምሁር የአንድ ፓሪስ ውስጥ የነበረ ሥዕል ነጋዴ ምስል ምን ይፈይድለታል? የሚል ጥያቄ ሊነሣ እንደሚችል አንዘነጋም። ሀገር በብዙ መከራ ውስጥ ሳለች እንዲህ ያለውን ርእስ ማንሣት ቅንጦት መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን በዚህ ሥዕል የተወከለው ሰው ራሱ ስደተኛ ሆኖ የኖረ፣ ንብረቱን በመንግሥት የተወረሰ፣ የኪዩቢዝምንም ትርጉም በስደት ላይ ሆኖ የጻፈ ሰው ነው። ከዚህም በላይ የዚህ ሰው ቤተ ሰብና የንግድ ቤቱ ስም፣ በ1932 ከጎንደር ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ተነቅለው ወደ ፓሪስ ከተወሰዱ ሥዕሎች ታሪክ ጋር የተሳሰረ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ከእኛ የራቀ አይደለም።

ክርክራችንን በአጭሩ እናስቀምጥ። ይህ ሥዕል ሰውን አላፈረሰም፤ ሰውን ከጥቂት ምልክት ለመለየት ተመልካቹ ምን ያህል ትውስታ ይዞ መምጣት እንዳለበት አሳየ እንጂ። ይህንን የተገነዘበ ሰው፣ ምልክት ያለ ማኅበረ ሰቡ ምን እንደሚሆንም ይገነዘባል። የጎንደሩንም ጉዳይ መመርመር የሚገባን በዚህ በኩል ነው እንላለን።

1. ከሳዮቶ ወንዝ ወዲህና ወዲያ

ይህን ጽሑፍ የምናዘጋጀው በኦሃዮ ግዛት፣ በኮሎምበስ ከተማ፣ ፍራንክሊንተን በሚባለው ሰፈር ነው። ሰፈሩ በዕድሜ ከከተማይቱ ይበልጣል፤ ቀያሹ ሉካስ ሰሊቫንት በ1797 ሲቈረቁረው ኮሎምበስ ገና አልተመሠረተችም ነበር። ከሳዮቶ ወንዝ በስተ ምዕራብ በዝቅተኛ ስፍራ ላይ በመሆኑ ሕዝቡ «ቦተምስ»፣ ማለትም ታችኛው ሰፈር፣ ሲለው ኖሯል። በመጋቢት 1913 የደረሰው ጎርፍ ከባድ ጥፋት አድርሶበታል፤ የጎርፍ መከላከያው ግንብ የተጠናቀቀው በ2004 ነው። በቅርብ ዓመታት ከቀድሞዎቹ ፋብሪካዎችና መጋዘኖች አንዳንዶቹ የሠዓልያን መሥሪያ ሆነዋል። ከወገኖቻችን ጋር ሆነን ዘመናዊ ሥዕል በተሰቀለበት ስፍራ ስናልፍ ደጋግመን የምንሰማው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ለመሆኑ ሰውዬው የታለ?»

ጥያቄው የእኛ ሰው ብቻ አይደለም። ጎርፉ ፍራንክሊንተንን ባጥለቀለቀበት በዚያው በ1913፣ በኒው ዮርክ በተከፈተው የአርመሪ ትርኢት የማርሴል ዱሻን «ደረጃ የምትወርድ እርቃን» የተመለከተው የአሜሪካ ሕዝብ ይህንኑ ጠይቋል፤ ጋዜጦችም መሳለቂያ አድርገውታል። እንግዲህ ጥያቄውን ያልሠለጠነ ሰው ጥያቄ ነው ብሎ መናቅ አይገባም። እንዲያውም ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ነው፤ ስሕተቱ የሚመጣው ሰው ሳይፈልግ የጠየቀ እንደ ሆነ ነው።

ከፍራንክሊንተን ተነሥቶ ብሮድ የተባለውን ጎዳና ይዞ ወንዙን የተሻገረ ሰው ወደ ኮሎምበስ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይደርሳል። ፈርዲናንድ ሃዋልድ የተባለ የማዕድን መሐንዲስ በ1931 ለዚህ ተቋም ካበረከታቸው ሥራዎች መካከል ለርእሳችን የሚጠቅሙ ሁለት የፒካሶ ሥራዎች አሉ። አንደኛው በ1906 የተሠራ፣ አንድ ልጅን ከከብቶች ጋር የሚያሳይ ነው። ልጁ ሰው መሆኑን ማንም አይጠራጠርም። ሁለተኛው በ1914 እና 1915 የተሠራ፣ የፍሬ ማቅረቢያ ሳሕንና ብርጭቆ የሚያሳይ ነው። በዚህኛው ሰው የለም፤ ዕቃዎቹም ቢሆኑ በቀለም ጠፍጣፋ ቅዶች ተወክለዋል እንጂ እንደምናያቸው አልተሣሉም። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያሉት ዘጠኝ ዓመታት ምን ሆኑ? የካንቫይለር ምስል የሚገኘው በዚህ መካከል ነው። ከኮሎምበስ ወደ ቺካጎ የምንሄደውም ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው።

2. ንባቡ

በሀገራችን የመጻሕፍት ቤት ሥርዓት ንባቡን ያላጸና ተማሪ ወደ ትርጓሜ አይገባም። በሥዕልም ረገድ ሥርዓቱ ይኸው ሊሆን ይገባዋል። ስለዚህ አስቀድመን በሸራው ላይ ያለውን እንናገር።

ሥዕሉ ቁመቱ 101 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 73 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ቀለሙ ቡናማ፣ ግራጫ፣ ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው ለማለት ይቻላል። ሸራው በትናንሽ ገጾች ተከፋፍሏል፤ ገጾቹ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚያሳልፉ ስለሆኑ የትኛው ከፊት የትኛው ከኋላ እንደ ሆነ ለመወሰን ያስቸግራል። ብርሃኑ ከአንድ ወገን አይመጣም። በአንደኛው ገጽ ከግራ ያበራው ብርሃን በሚቀጥለው ከቀኝ ያበራል።

ተመልካቹ ታግሦ ሲቈይ ግን አንዳንድ ነገሮች ብቅ ማለት ይጀምራሉ። ከታች በኩል፣ በመካከል፣ እርስ በርስ የተያያዙ ሁለት እጆች አሉ። ከላይ በኩል በሥርዓት የተበጠረ ጠጕር ማዕበል መስሎ ይታያል። ከደረቱ በታች የሰዓት ሰንሰለት የሚመስል ጥምዝ አለ። ዓይንና አፍንጫም፣ ቦታቸውን በትክክል ባይዙም፣ ይገኛሉ። በታችኛው ግራ ጠርሙስ ያለበት የዕቃዎች ስብስብ ይታያል፤ በላይኛው ግራ ደግሞ በሠዓሊው ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የነበረ ከባሕር ማዶ የመጣ ቅርጽ ምልክት እንዳለ አጥኚዎች ያስረዳሉ። እነዚህን ያየ ሰው፣ በመልካም የለበሰ፣ እጁን አጣምሮ በጸጥታ የተቀመጠ አንድ ጐልማሳ በፊቱ እንዳለ ይረዳል። ካንቫይለር ለዚህ ሥዕል ብዙ ጊዜ ተቀምጧል ይባላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ሠዓሊው ሰውየውን ለማጥፋት ቢፈልግ ኖሮ እጆቹን ባልተወለን ነበር። እጅ፣ ጠጕር፣ ሰንሰለት የተረፉት በአጋጣሚ አይደለም። ያለ እነርሱ ሸራው ባዶ የገጾች ጨዋታ ይሆን ነበር፤ ከእነርሱ ጋር ግን የሰው ምስል ነው። ሠዓሊው የጠየቀው ጥያቄ ሰውን ሰው ለማለት የሚበቃው ትንሹ ምልክት ምንድር ነው? የሚል ነው።

3. ሦስት አንድምታዎች

የአንድምታ መምህር ለአንድ ንባብ ብዙ ትርጓሜ ሲሰጥ፣ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ሽሮ አይመጣም፤ «አንድም» እያለ በጎኑ ይቆማል። ይህን ሥዕል በተመለከተ እስካሁን ከተነገሩት መካከል ሦስቱን በዚህ መልክ ማየት ይጠቅማል።

የመጀመሪያው ሥዕሉ የዘመናዊውን ሰው መፈራረስ ያሳያል የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰማው ይህ ነው፤ ለስደተኛም ጆሮ ይጥማል። ሀገሩን ያጣ ሰው ፊቱ ተበትኖ ቢያይ «እኔን ሣሉኝ» ሊል ይችላል። ነገር ግን ንባቡ ይህን አይደግፍም። በሥዕሉ ውስጥ ጩኸት የለም፣ ሥቃይ የለም፣ ደም የለም። የተቀመጠው ሰው ጸጥ ያለ ነው። በ1910 ጦርነቱም ገና አልመጣም። በኋላ የደረሰውን ጥፋት ወደ ኋላ ወስዶ በሥዕሉ ላይ መጫን የሐያሲ ሥራ አይደለም።

ሁለተኛው ሠዓሊው አንድን ሰው ከብዙ አቅጣጫ በአንድ ጊዜ አሳየ የሚለው ነው። ይህ በመማሪያ መጻሕፍት የሚገኝ ትርጓሜ ነው። ከፊል እውነት አለው። ነገር ግን ካንቫይለርን ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ እንዳየነው አድርገን ገጾቹን ብንገጣጥማቸው የተሟላ ራስ አናገኝም። አቅጣጫዎቹ አይደመሩም። ሥዕሉ ከመደበኛው ሥዕል የበለጠ መረጃ ይሰጣል የሚለው አባባል ስለዚህ ትክክል አይደለም፤ የሚሰጠው እንዲያውም ያነሰ ነው።

ሦስተኛው የካንቫይለር የራሱ ነው። ካንቫይለር በ1920 በጀርመንኛ ባሳተመው ስለ ኪዩቢዝም አመጣጥ በሚናገረው መጽሐፉ፣ ሠዓሊዎቹ በሥዕሉ ውስጥ የሚተዉአቸው ጥቂት እውነተኛ ዝርዝሮች የተመልካቹን ትውስታ የሚቀሰቅሱ መሆናቸውን ያስረዳል። ተመልካቹ ትውስታውን ከቅርጾቹ ጋር ሲያዋሕድ ነገሩ በአእምሮው ይፈጸማል። ስለዚህም ርእሱ ለእንደዚህ ያለ ሥዕል አስፈላጊ ነው ይላል። ርእሱ ተመልካቹ ከትውስታው መካከል የትኛውን እንደሚያመጣ ይነግረዋልና።

እኛ ወደዚህ ወደ ሦስተኛው እናዘነብላለን፤ ነገር ግን ካንቫይለር ካቆመበት አንድ እርምጃ መራመድ ያስፈልጋል። የማን ትውስታ ነው? የሰዓት ሰንሰለትን አይቶ «ይህ የተከበረ የከተማ ነጋዴ ነው» የሚለው የ1910 ፓሪስን ያወቀ ሰው ነው። ሰንሰለት ለብሶ የሚሄድ ነጋዴ አይቶ የማያውቅ ሰው ጥምዝ መሥመር ብቻ ያያል። ምልክቱ የሚሠራው ምልክቱን በሚያውቁ ሰዎች መካከል ነው። ካንቫይለር ተመልካቹን እንደ አንድ ግለሰብ አእምሮ ብቻ አየው፤ ከጀርባው ያለውን ማኅበረ ሰብ አላሰበበትም።

4. «ይህ እኮ የእኛ ነው» ስለሚባለው

በስደት ማኅበራችን መካከል ስለ ኪዩቢዝም በተነሣ ቁጥር የሚሰማ አንድ አባባል አለ። የአውሮፓ ሠዓልያን ከአፍሪካ ወሰዱት፤ የእኛም የቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ከእነርሱ በፊት ሠርተውታል፤ ስለዚህ ኪዩቢዝም የእኛ ነው የሚል ነው። አባባሉ ከቍጭት የመነጨ ስለሆነ በጥንቃቄ ልንመረምረው ይገባል።

ከአፍሪካ ጥበብ ብዙ እንደ ተማሩ ክርክር የለውም። ፒካሶ በ1907 በትሮካዴሮ የሕዝቦች ጥናት ሙዚየም የአፍሪካና የውቅያኖስ ደሴቶችን ቅርጻ ቅርጾች አይቶ እንደ ተደነቀ የታወቀ ነው። ካንቫይለርም በ1948 ስለ አፍሪካ ጥበብና ስለ ኪዩቢዝም ባወጣው ጽሑፍ፣ ፒካሶ ይዞት የነበረውን የግሬቦ ጭምብል ይጠቅሳል። በዚህ ጭምብል ዓይን የሚወከለው ወደ ውስጥ በገባ ጕድጓድ ሳይሆን ወደ ውጭ በወጣ ድፍን በርሜል ነው። ካንቫይለር ከዚህ የሚያወጣው ትምህርት የጭምብሉ ሠሪ ዓይንን እንዳልቀዳ፣ የዓይንን ምልክት እንደ ሠራ ነው።

የእኛን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል በተመለከተ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ሠዓልያኖቻችን ቅዱሳንን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ አጋንንትንና ከሃድያንን በጎን በአንድ ዓይን የመሣል ልማድ አላቸው። ይህ የተመልካችን ቦታ የሚመለከት ሕግ አይደለም። ሠዓሊው «ከዚህ ቆሜ ሳየው እንዲህ ይታያል» አላለም፤ «ይህ እንዲህ ያለ ሰው ነው» አለ እንጂ። ስለዚህ የአውሮፓ የርቀት አሣሣል ሕግ ሳያስገድደው፣ የሰውን ፊት ለትርጉም የሚያዝ ነገር አድርጎታል። በዚህ መጠን ከኪዩቢዝም ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ።

ልዩነቱ ግን ከተመሳሳይነቱ ይበልጣል። አንድ ዓይን ያለውን ሥዕል ያየ የጎጃም ወይም የሸዋ ገበሬ ትርጉሙን ለመረዳት ርእስ አያስፈልገውም። ከልጅነቱ ጀምሮ በቅዳሴው፣ በተአምሩ፣ በስብከቱ የሰማው ነው። ምልክቱና ማኅበረ ሰቡ አብረው አሉ። በኪዩቢዝም ግን ሠዓሊው ምልክቱን ራሱ ይፈጥራል፤ የሚያውቁለትም ጥቂት ወዳጆቹና አንድ ነጋዴ ናቸው። የካንቫይለር ምስል ይህን ብቸኝነት ይዟል። እንግዲህ «ቀድመን ሠርተነዋል» ማለት የራሳችንን ሥዕል ከሁሉ የሚለየውን ነገር፣ ማለትም ከማኅበረ ሰቡ ጋር ያለውን ስምምነት፣ መካድ ይሆንብናል። ለሌላው ሥራ የበኵርና ማዕረግ ስንሻማ የራሳችንን ክብር እንጥላለን።

በእነዚህ በሁለቱ ዓይነት ምልክቶች መካከል ቆመው የሠሩ የራሳችን ሰዎች አሉን። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በኮሎኝ ተምሮ ሲመለስ፣ እስክንድር ቦጎሲያን ከፓሪስ ሲመለስ፣ ሁለቱም በ1960ዎቹ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ፣ ከተመልካች የገጠማቸው ይኸው «ሰውዬው የታለ?» የሚል ጥያቄ ነበር ማለት ይቻላል። ገብረ ክርስቶስ በ1963 በሣለው «ጎልጎታ» የተሰቀለውን አካል ወደ ቀይ ቀለም ሲለውጠው፣ ሕዝቡ የሚያውቀውን ታላቅ ምልክት ይዞ ሕዝቡ በማያውቀው አሣሣል ጠየቀው። ይህ ከፒካሶ ሥራ የተለየ ድፍረት ነው፤ ፒካሶ እንዲህ ያለ ማኅበረ ሰብ በፊቱ አልነበረውም። ገብረ ክርስቶስ በ1981 በኦክላሆማ፣ እስክንድር በ2003 በዋሽንግተን፣ ሁለቱም በዚሁ በአሜሪካ ምድር አረፉ።

5. የተወረሰው ሰው

አሁን በሥዕሉ ውስጥ ስለ ተቀመጠው ሰው እንነጋገር። ካንቫይለር በ1884 በማንሃይም የተወለደ ጀርመናዊ አይሁዳዊ ነው። በ1907 በፓሪስ አነስተኛ የሥዕል መደብር ከፍቶ የፒካሶን፣ የብራክን፣ ቆየት ብሎም የኋን ግሪስን ሥራዎች ይገዛ ነበር። በ1914 ጦርነቱ ሲነሣ ከፈረንሳይ ውጭ ነበር። ጀርመናዊ በመሆኑ የጠላት ሀገር ዜጋ ተባለ፤ በመቶዎች የሚቈጠሩ ሥዕሎቹም በፈረንሳይ መንግሥት ተያዙ። እርሱም በስዊዘርላንድ በበርን ከተማ በስደት ተቀመጠ፤ ፍልስፍና አጠና፤ ከላይ የጠቀስነውንም መጽሐፍ ያዘጋጀው በዚያ ነው። ትውስታ በሥዕል ላይ ስላለው ኃይል የጻፈው ሥዕሎቹን ለማየት በማይችልበት ዘመን መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

ሥዕሎቹ በ1921 እና በ1923 መካከል በፓሪስ ድሩኦ በተባለው የሐራጅ ቤት በአራት ጊዜ ተሸጡ። የራሱ ምስል እንኳ ከተሸጡት መካከል ነበር። ሥዕሉ ከብዙ ጉዞ በኋላ በ1948 ቺካጎ ገባ። ካንቫይለር በ1940 ናዚዎች ፓሪስን ሲይዙ ለሁለተኛ ጊዜ ተሰደደ፤ እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ በፈረንሳይ ገጠር ተሸሽጎ ኖረ። በ1979 አረፈ። ንብረትን በሕግ ስም መነጠቅ ምን እንደሆነ ከእርሱ በላይ የሚያውቅ የሥዕል ነጋዴ አይገኝም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

6. ጎንደር፣ 1932

ካንቫይለር በ1920 ወደ ፓሪስ ተመልሶ ጋለሪ ሲሞን የተባለውን መደብር ከከፈተ በኋላ በዙሪያው ከተሰበሰቡት ወጣቶች መካከል ሁለቱን እንጥቀስ። አንደኛው ደራሲው ሚሼል ሌሪስ ነው። ሌሪስ በ1926 የካንቫይለርን ሚስት ልጅ ልዊዝን አገባ። በ1941 የአይሁድ ንብረት ሲወረስ መደብሩን በስሟ ገዝታ ያተረፈችው ይህችው ልዊዝ ሌሪስ ናት። ሁለተኛው በጋለሪ ሲሞን ሥራዎቹን ያቀርብ የነበረው ሠዓሊ ጋስቶን ልዊ ሩ ነው።

በ1931 በማርሴል ግሪዮል መሪነት ከዳካር ተነሥቶ በ1933 ጅቡቲ ላይ ጉዞውን የፈጸመው የፈረንሳይ የጥናት ተልእኮ፣ ሌሪስን በጸሐፊነት ይዞ በ1932 ጎንደር ደረሰ። በዚያም ለወራት ተቀመጠ። ሌሪስ ስለ ዛር ያደረገው ጥናት የተጀመረው በዚያ ጊዜ ነው። በ17ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ እንደ ተሣሉ የሚነገርላቸው የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከመቅደሱ ግድግዳ ላይ ተነቅለው የተወሰዱትም በዚያው ጊዜ ነው። በምትካቸው የሚሰቀለውን ቅጂ እንዲሠራ ከፓሪስ የመጣው ሠዓሊ ጋስቶን ልዊ ሩ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሥዕሎች ዛሬ በፓሪስ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ። ሚኖቶር የተባለው የፓሪስ የጥበብ መጽሔት በ1933 ሁለተኛ ቍጥሩን ለዚህ ተልእኮ ሲያውል፣ ሽፋኑን የሠራው ይኸው ሩ ነው፤ የመጀመሪያውን ቍጥር ሽፋን የሠራው ፒካሶ ነበር።

ፍርዳችን ሚዛናዊ እንዲሆን የሌላውን ወገን ቃል መስማት ይገባል። የተልእኮው ሰዎች ሥዕሎቹ በመበላሸት ላይ ነበሩ፣ ነገሩም በስምምነት የተፈጸመ ነው ብለዋል። ካንቫይለር በግሉ ወደ ጎንደር አልሄደም፤ የነቀለውም እርሱ አይደለም። ሌሪስም በ1934 ባሳተመው የጉዞ ማስታወሻው፣ ተልእኮው በዛሬዋ ማሊ የተቀደሱ ዕቃዎችን እንዴት እንደ ዘረፈ ሳይሸሽግ ጽፎአል፤ ይህ ግልጽነቱ ከብዙ ዘመነኞቹ ይለየዋል። ይህ ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ የአስተሳሰብ ቅራኔ አለ፤ ቅራኔውን ያስተዋልነውም የ1910ን ሥዕል በማንበባችን ነው።

ቅራኔው ይህ ነው። የካንቫይለር ወዳጆች ከማንም በላይ ሥዕል ምልክት እንደ ሆነ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ምልክት ከሆነ፣ ያንኑ ምልክት በትክክል የያዘ ቅጂ ያንኑ ሥራ ይሠራል ሊባል ይቻላል። ለጎንደር ምእመናን ቅጂ የተተወላቸው በዚህ አስተሳሰብ ይመስላል። ታዲያ ቅጂው የሚበቃ ከሆነ ስለ ምን ቅጂው ወደ ፓሪስ አልሄደም? ለምን የመጀመሪያው ተወሰደ? ለፓሪስ የእጁ አሻራ፣ ዕድሜው፣ ቀለሙ ያስፈልጋት ነበር፤ ለጎንደር ግን ምልክቱ ብቻ ይበቃታል ተባለ። ካንቫይለር በ1921 ሥዕሎቹ ሲሸጡበት ፎቶግራፋቸው ይበቃሃል ቢባል ይስማማ ነበርን? አይመስለንም።

ከራሳችን ወገን የሚመጣ ተቃውሞ ደግሞ ሊኖር ይችላል። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ልማድ ሠዓሊ ከቀደመው ሥዕል ይቀዳል፤ ቅጂ ነውር አይደለም፤ የሠዓሊውም ስም ብዙ ጊዜ አይጻፍም። ታዲያ የሩን ቅጂ ለምን እንነቅፋለን? የሚል ነው። መልሳችን ይህ ነው። በልማዳችን ቅጂ የሚሠራው ምልክቱ እንዲበዛ ነው፤ አንዱ ሥዕል ሁለት ቤተ ክርስቲያን እንዲያገለግል ነው። በጎንደር የተሠራው ቅጂ ግን ምልክቱ ከስፍራው እንዲነሣ ለማድረግ የተሠራ ነው። የመጀመሪያው መባዛት ነው፤ ሁለተኛው መተካት ነው። በአሣሣል ሊመሳሰሉ ይችላሉ፤ በሥራቸው ግን ተቃራኒዎች ናቸው።

የተወሰዱት ሥዕሎችስ በፓሪስ ምን ሆኑ? ፊት ለፊት በሁለት ዓይን የሚመለከተውን ቅዱስ የሚያየው ጐብኚ የሁለቱን ዓይን ትርጉም አያውቅም። ትርጉሙን የሚያገኘው በጎኑ ከተለጠፈው ጽሑፍ ነው። ማለትም የጎንደር ሥዕል እንደ ኪዩቢዝም ሥዕል ርእስ ፈላጊ ሆነ። ማኅበረ ሰብ የነበረው ምልክት ማኅበረ ሰብ አጣ። የ1910 የፒካሶ ሥዕል ይህን ብቸኝነት ወድዶ መርጦታል፤ የአባ እንጦንስ ሥዕሎች ግን አልመረጡም። በኪዩቢዝምና በኢትዮጵያ መካከል ያለው እውነተኛ ግንኙነት በእኛ አስተያየት ይህ ነው፤ ማን ከማን አሣሣል ቀዳ የሚለው ጥያቄ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

7. ማጠቃለያ

ከዚህ ንባብ ሦስት ነገሮችን ማውጣት የሚቻል ይመስለናል።

አንደኛ፣ «ሰውዬው የታለ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አለው። ሰውዬው እጆቹን አጣምሮ ተቀምጧል። የሚያገኘው ግን ታግሦ የፈለገና የሚፈልገውን ነገር አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ነው። ልጆቻችንን ወደ ሙዚየም ስንወስድ «ይህ ምንም አይደለም» ብለን ከማለፍ ይልቅ እጆቹን ፈልጉ ብንላቸው ይሻላል። እግረ መንገዳችንንም የቤተ ክርስቲያናችን ሥዕሎች ዓይን ለምን አንድ ወይም ሁለት እንደ ሆነ እንንገራቸው፤ ያን ካልነገርናቸው የራሳቸው ሥዕል ለእነርሱም ርእስ የሚያስፈልገው ባዕድ ሥዕል መሆኑ አይቀርም።

ሁለተኛ፣ ለክብራችን ስንል የሌላውን ግኝት የእኛ ነው ማለት አያስፈልገንም። የሀገራችን ሥዕል ትልቅነት ከፒካሶ በመቅደሙ አይለካም። ምልክቱንና ሕዝቡን ለብዙ መቶ ዓመታት አስተሳስሮ በማቈየቱ ይለካል።

ሦስተኛ፣ የአባ እንጦንስን ሥዕሎች በሚመለከት የሚቀርበው የመመለስ ጥያቄ በቍጭት ላይ ብቻ መቆም የለበትም። ኬ ብራንሊ በ2025 ይህንኑ ተልእኮ ከአፍሪካ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ መልሶ የሚመረምር ትርኢት አቅርቧል፤ በሩ በጥቂቱም ቢሆን ተከፍቷል ማለት ነው። ሥራዎች ወደ ሀገር ሊመለሱ እንደሚችሉም አይተናል፤ ከጀርመን የተመለሱ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ሥዕሎች ከ2008 ጀምሮ በአዲስ አበባ በስሙ በተቋቋመው ማእከል ስፍራ አግኝተዋል። በዚህ በር ስንገባ ይዘን የምንገባው ክርክር የጠራ ይሁን። ክርክሩም ከእነርሱ ከራሳቸው መጽሐፍ የተወሰደ ነው፦ ሥዕል የሚፈጸመው በሚያውቀው ሰው ትውስታ ውስጥ ከሆነ፣ የጎንደር ሥዕል የሚፈጸመው በጎንደር ነው። ቅጂው ይበቃል የሚል ካለም ቅጂውን ኬ ብራንሊ ይቀበለው።